ቢታንያ፦ ለመሆኑ አንድ ማይል ስንት ነው?

[ምስል፦ ቀላ ያለ ምድረ በዳ፣ አቧራማ መንገድ፣ ትንሽ የድንጋይ ቤት]

ይህቺ ትንሽ ከተማ ቢታንያ ትባላለች። አዎ፣ በአልዓዛር መንደር ስም። ያለችው ግን ደቡብ ናሚቢያ ውስጥ፣ ዝናብ ብርቅ በሆነበት ምድር ነው።

ስሙን ያመጡት ሚሲዮናውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1814 ሃይንሪክ ሽሜለን የተባለ ጀርመናዊ፣ ከለንደን ሚሲዮን ማኅበር ተልኮ፣ እዚህ ጣቢያ አቆመ። አገሩ የናማ አርብቶ አደሮች ነበር። የናማ ቋንቋ በምላስ የሚጮሁ ድምፆች አሉት። እነዚህ ድምፆች ለእነሱ እንደ ማንኛውም ፊደል ቃል ይሠራሉ።

ሽሜለን ዛራ የምትባል የናማ ሴት አገባ። አራቱን ወንጌላት ወደ ናማ ቋንቋ የመለሱት አብረው ነው። መጽሐፉ በ1831 ኬፕታውን ታተመ። ዛራ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገድ ላይ ሞተች። ለረጅም ዘመን የተወራው ግን ስለ ባሏ ብቻ ነው። ይህ ሁሌም ይቆጨኛል።

[ምስል፦ ካርታ፤ የባሕር ዳርቻው በቀይ ቀለም]

አሁን ወደ ማይሉ እንምጣ።

በ1883 የቢታንያው የናማ አለቃ ጆሴፍ ፍሬድሪክስ፣ አዶልፍ ሉደሪትስ ለተባለ የጀርመን ነጋዴ መጀመሪያ አንድ የባሕር ወሽመጥ ሸጠ። ቀጥሎ በ500 ፓውንድና በ60 ጠመንጃ ሌላ ውል ፈረመ፦ ከባሕሩ ወደ ውስጥ 20 ማይል።

ፍሬድሪክስ የሚያውቀው የእንግሊዝን ማይል ነው። 1.6 ኪሎ ሜትር። ውሉ ላይ የተጻፈው ግን የጀርመን "ጂኦግራፊያዊ ማይል" ነበር። 7.4 ኪሎ ሜትር! 32 ኪሎ ሜትር ሸጥኩ ያለው ሰው 148 ተወሰደበት። ስህተት እንዳይመስላችሁ። ሉደሪትስ ራሱ ለወኪሉ ሲጽፍ፣ አለቃው ለጊዜው የእንግሊዝ ማይል ነው ብሎ እንዲያምን ተወው ብሎታል። ፍሬድሪክስ ነገሩ ሲገባው አቤት አለ። ሰሚ አላገኘም።

[ምስል፦ ድንጋያማ ደሴት፣ ማዕበል]

ከነጋዴው ኋላ የጀርመን መንግሥት መጣ። ናማዎች ሲያምፁ ከቢታንያ ኮርኔሊየስ ፍሬድሪክስ ተዋጊዎችን መራ። ከ1904 እስከ 1908 በተፈጸመው የዘር ማጥፋት የናማ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። ኮርኔሊየስም ከነወገኖቹ ሻርክ ደሴት ላይ ታጎረ። በብርድ፣ በረሃብና በጉልበት ሥራ ብዙዎች አለቁ። እሱም የካቲት 1907 እዚያው ሞተ።

ሻርክ ደሴት የምትገኘው ጆሴፍ በሸጠው በዚያው ወሽመጥ ነው። ከተማው ዛሬም ሉደሪትስ ይባላል። ደሴቷም ለዓመታት ቱሪስቶች ድንኳን ተክለው የሚያድሩባት ቦታ ሆና ቆይታለች፤ የኮርኔሊየስ መታሰቢያም እዚያው ቆሟል።