ያለ ስሟ ስም

እንደምን አመሻችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ ስለ ሌሊት ወፍ ላውራችሁ።

ተረቱን መቼም ታውቁታላችሁ። ወፎች "አዋጪ" ሲሏት "ጥርሴን እዩ፣ አይጥ ነኝ" ትላለች። አይጦች ሲጠይቋት ደግሞ "ክንፌ አይታያችሁም?" በዚህ ተረት የተነሳ ለማንም የማትሆን ወላዋይ ተደርጋ ቀረች። ያለ ስሟ ስም ሰጥተናታል ባይ ነኝ።

እዚህ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ ሲመሻሽ ሾላ ስር ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል፤ ከዚያ ተመጥጦ የተተፋ የፍሬ ገለባ ትከሻችሁ ላይ ጠብ ይላል። እነዚህ ፍሬ በሊታዎች ናቸው። ዘሩን እየበረሩ ስለሚጥሉት ሾላውም በእነሱ ይባዛል።

ልቤን የነካችው ግን በላቲን አሜሪካ የምትኖረው ደም መጣጯ ናት። ምግቧ ደም ብቻ ነው፤ በብዛት የከብት። ሁለት ሦስት ሌሊት ጦሟን ካደረች ትሞታለች። ታዲያ አንዷ ሳይቀናት ስትመለስ፣ የጠገበችው ጓደኛዋ አፍ ላፍ ገጥማ ከጠጣችው ታካፍላታለች። ተመራማሪው ጄራልድ ዊልኪንሰን ይህን በኮስታሪካ አጥንቶ በፈረንጆቹ 1984 አሳተመ። በኋላ ከጄራልድ ካርተር ጋር ሲያየው፣ ከዝምድና ይልቅ ቀድሞ የተደረገ ውለታ ሚዛን ይደፋ ነበር።

እኔን የገረመኝ አጀማመሩ ነው። ካርተርና ባልደረቦቹ በ2020 ባወጡት ጥናት የማይተዋወቁትን አንድ ላይ አኖሯቸው። ወዲያው ደም መስጠት የለም። መጀመሪያ አንዷ የሌላዋን ፀጉር ትልሳለች፣ ታጸዳለች። ይሄ ብዙ አያስከፍልም። ከባዱ የሚመጣው ውሎ አድሮ፣ ሲላመዱ ነው።

እናቴ አዲስ ሰፈር ስትገባ፣ ዕቃው ገና ሳይደረደር ቡና አፍልታ ጎረቤት ትጠራ ነበር። ምን እንደሚያስቸኩላት አሁን ገባኝ። "ወዳጅ በችግር ቀን ይታወቃል" እንላለን። በችግር ቀን የሚመጣው ግን በደህናው ቀን ረከቦቱ አጠገብ የተቀመጠው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ለሁለት ዓመት ያህል ተይዘው አብረው የኖሩትን፣ ፓናማ ውስጥ ከተለቀቁ በኋላ ተከታትሏል። ጀርባቸው ላይ ትንሽዬ መከታተያ ተለጥፎ ወደ ጥንቱ ዛፋቸው ተመለሱ። እንደልባቸው መሄድ እየቻሉ፣ ብዙዎቹ ከነዚያው ጓደኞቻቸው አልራቁም። የአንዳንዶቹ ወዳጅነት ግን ተይዘው በነበሩበት ቀርቷል። ይህን ሳነብ የድሮ ጎረቤቶቻችን ትዝ አሉኝ። ከብዙዎቹ ተጠፋፍተናል። ከአንዷ ጋር ግን ዛሬም እንደዋወላለን።