ኮድ ሳይጻፍ ተጠቃሚውን ጥሩት

ሶፍትዌር የምትሠሩ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የሚጠቀምበት ሰው ሥራችሁን መጀመሪያ የሚያየው መቼ ነው? ብዙ ቦታ መልሱ «ካለቀ በኋላ» ነው። ያኔ «ይሄ ለእኛ ሥራ አይሆንም» ቢልም ጊዜውም በጀቱም አልቋልና፣ ትንሽ ቀለም ቀይሮ፣ ሥልጠና ሰጥቶ ማለፍ ነው የሚቀረው።

ታዲያ ገና ምንም ሳይኖር ምን እናሳየው? ካርቶን!

(ስክሪን ላይ፦ ጎኑ ላይ የተጻፈበት ባዶ ካርቶን)

በፈረንጆቹ ከ1981 እስከ 1985 በስካንዲኔቪያ ዩቶፒያ የሚባል ፕሮጀክት ነበር። ተመራማሪዎች ከጋዜጣ ኅትመት ሠራተኞች ጋር ተቀምጠው፣ ለገጽ ቅንብር የሚሆን ኮምፒውተር ያቅዱ ነበር። መሣሪያው በእጃቸው ስለሌለ ባዶ ካርቶን ላይ «ሌዘር ፕሪንተር» ብለው ጻፉና አስቀመጡት። ሠራተኛው እውነተኛ ሥራ እንደሚሠራ ሆኖ ሲሞክረው የሚያስቸግረው ነገር እዚያው ይታያል። ካርቶን ደግሞ ማንም አበላሻለሁ ብሎ አይፈራውም። ካልተመቸ ተቀዶ ሌላ ይሠራል።

የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያደረገው ግን ተንኮል አለበት፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። ንግግር ሰምቶ የሚጽፍ ማሽን ለሰው ይመቸው እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ፤ ቴክኖሎጂው ግን ገና አልደረሰም። ስለዚህ ሌላ ክፍል ውስጥ ታይፒስት ደበቁ። ተሳታፊው ይናገራል፣ ታይፒስቱ ይጽፋል፣ ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል።

ሁለቱም ቦታ «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ላይ አልቆሙም። ሰው ሲጠየቅ የሚናገረው መመሪያው ላይ ያለውን ነው፤ ሥራው ላይ ሆኖ ስታዩት ግን ከማስታወሻ ደብተሩ የሚገለብጠው፣ ሁለቴ የሚያጣራው፣ ባልደረባውን የሚጠይቀው ሁሉ ይወጣል። ራሱ እንደ ሥራ ስለማይቆጥረው ቃለ መጠይቅ ላይ አያነሳውም።

ስንት ሰው ይበቃል? የሶፍትዌር አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን በፈረንጆቹ 2000 እንደመከረው በአንድ ዙር 5 ሰው፤ ከዚያ አስተካክሎ እንደገና መሞከር። ተጠቃሚዎቹ በጣም የተለያዩ ከሆኑ ግን ከየወገኑ ለየብቻ ጥሩ። አለቃውን ብቻ ጠርቶ «ተጠቃሚ አነጋግረናል» ማለት ደግሞ ቀልድ ነው። አለቃው ሪፖርቱን ነው የሚያየው፤ ፎርሙን የሚሞላው ሌላ ሰው ነው።

ሲሞክሩት አታስረዱ። ሰውየው ግራ ሲጋባ እጃችሁ ወደ ማውሱ ይሮጣል፣ ያዙት! የት እንደተጫነ ብቻ ጻፉ። ደግሞ የመጀመሪያው ንድፍ በእርሳስ ቢሆን ይሻላል፤ ያማረ ስክሪን ካሳያችሁት ሰው ስለ ቀለሙ ነው የሚያወራው።