ከስፖርት በኋላ የደም ግፊት ለምን በሁሉም ላይ እኩል አይወርድም?

ክቡራትና ክቡራን፣ የጤና ስፖርት ማኅበራት አባላትና አሠልጣኞች፣

ስፖርት እየሠራን ሳለ የላይኛው የግፊት ቁጥር ይወጣል፤ የታችኛው ብዙም አይነቃነቅም። ይህ የሚጠበቅ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ሰውነት ሲረጋጋ ግፊቱ ከመነሻው በታች ይወርዳል። ደም ብዛት ባለበት ሰው ላይ ቅነሳው በአማካይ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲሆን፣ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሲሠሩ በነበሩት ጡንቻዎች ውስጥ ሂስታሚን (ያው በአለርጂ የምናውቀው) የደም ሥሮችን ለሰዓታት አስፍቶ ያቆያል። ሥሮችን የሚያጠብበው የነርቭ ትእዛዝም ይላላል።

ጠንክሮ መሥራት ቅነሳውን ይጨምራል? አዎ። በ2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደም ብዛት ያለባቸውን ወንዶች በሦስት የጥንካሬ ደረጃ ብስክሌት አስነዳ። ከሰውየው ከፍተኛ የኦክስጅን አቅም አንጻር ጥንካሬው በ10 በመቶ በጨመረ ቁጥር የላይኛው ግፊት ወደ 1.5 ገደማ ተጨማሪ ቀነሰ። ልብ በሉ፤ ንጽጽሩ ስፖርት ካልተሠራበት ቀን ጋር ነው። ግፊት ከጠዋት ጀምሮ በራሱ ከፍ ስለሚል፣ የጠዋቱን ቁጥር ከቀትሩ ጋር ብቻ የሚያነጻጽር ሰው «ስፖርቱ ምንም አልሠራልኝም» ይላል።

ይህ ግን ሁሉም ሰው ከነገ ጀምሮ የመስቀል አደባባይን ደረጃ በሩጫ ይውጣ ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ ለመጣ ሰው ያው ፍጥነት እዚህ ይከብደዋል። በእጅ ሰዓት ፈንታ ትንፋሽን ስሙ። ማውራት እየቻሉ መዝፈን ካቃተ መካከለኛ ነው፤ ከጥቂት ቃላት በኋላ ትንፋሽ ካጠረ ከባድ ነው። አቴኖሎል ወይም ቢሶፕሮሎል የተባሉትን የግፊት መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው በልብ ምት አይመራ፤ መድኃኒቱ ምቱን ይይዘዋል።

ዘርስ? ብዙ የተጠናው፣ ኢናላፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት የሚያግደውን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረ መል ነው። በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ ረጅምና አጭር ዓይነት አለው። አጭሩን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ደም ውስጥ ኢንዛይሙ በርከት ይላል። ይህና ኢንዛይሙ ያለበት ግፊትን የሚቆጣጠር ሥርዓት ሌሎች ዘረ መሎች ከስፖርት በኋላ ካለው ቅነሳ ጋር የተያያዙባቸው ጥናቶች አሉ፤ ውጤታቸው ግን እርስ በርሱ አይስማማም። ግፊት በመቶዎች በሚቆጠሩ የዘር ልዩነቶች ይነካል፤ የአብዛኞቹ ድርሻ ከ1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ነው። ስለዚህ ለዘረ መል ምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ጥሩ መለኪያ ቢገዛበት ይሻላል እላለሁ። ወላጆችዎ ደም ብዛት ነበረባቸው ወይ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ነጻ ነው።

ልኬቱ እንዲህ ይሁን። ከመለካት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጣ። ጀርባን አስደግፎ፣ እግር ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ቁጭ ማለት፤ ክንድ ከልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። የመለኪያው የክንድ መጠቅለያ በእጅጌ ላይ አይታሰር፤ ከጠበበም ቁጥሩን ያለ አግባብ ያስወጣል። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለክቶ አማካዩን መያዝ። ስፖርት ከመሥራት በፊት፣ ከጨረሱ ከአንድ ሰዓት በኋላና ማታ ይለካ፤ በዕረፍት ቀንም በእነዚያው ሰዓቶች ይደገም። የሁለት ሳምንት መዝገብ ለሐኪም ከአንድ ቀን ቁጥር የበለጠ ይነግረዋል።

አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሲጨርሱ ነው። ደረጃ ሮጦ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀምና ያዞረዋል። የደም ሥርን የሚያሰፋውን የግፊት መድኃኒት አምሎዲፒን የሚወስድ ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በዝግታ ይራመድ፤ ወዲያው ስቲም አይግባ፣ ሥሮቹ ይበልጥ ይሰፋሉ። ክብደት ሲያነሱ ትንፋሽ መያዝ ግፊትን በቅጽበት ያንረዋል፤ ሲያነሱ ያስወጡ።

በዕረፍት ላይ የላይኛው ከ200 ወይም የታችኛው ከ110 ካለፈ የዚያ ቀን ስፖርት ይቀራል፤ ወደ ሐኪም ይኬዳል። የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ ደግሞ ቁጥር አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

አመሰግናለሁ፤ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።