ራሙ ገብቷል፤ ግን የት?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ራም፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ሜሞሪ፣ ስለ መሰካት ነው።

ለዚህ ደግሞ አንድ ሙሉ ክፍል ያስፈልጋል ወይ ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቀላል ሥራ ነው። ብሎን የለው፣ ኬብል የለው። ግን የሰው ኮምፒውተር ኬዝ በከፈትኩ ቁጥር የሚገርመኝ ነገር አለ። ማሽኑ ይሠራል፣ ባለቤቱ ደስተኛ ነው፣ ራሙ ግን ያለ ቦታው ተሰክቷል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እዚህ ላይ ግን የሚነቅዘው ዝምታው ራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 4 ስሎት፣ ማለትም የራም መሰኪያ፣ ባለው ማዘርቦርድ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ጀምራችሁ ስትቆጥሩ፣ ስሎቶቹ ብዙውን ጊዜ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 ናቸው። ሁለት ራም የያዘ ሰው እጁ ወዴት ይሄዳል? ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት። ጎን ለጎን ሲሆኑ ያምራሉም። ችግሩ፣ ፊደሉ የሚያሳየው ቻናሉን ስለሆነ ሁለቱም የአንድ ቻናል ናቸው። ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር የሚገናኝባቸው ቻናሎች ደግሞ ሁለት ናቸው። ሁለቱንም ራም አንዱ ላይ ስትሰኩ ሌላኛው ቻናል ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ዲዲአር4 የሚባለው የራም ትውልድ፣ ባለ 3200 ፍጥነቱ፣ በአንድ ቻናል በሰከንድ ቢበዛ 25.6 ጊጋባይት ያመላልሳል። በሁለት ቻናል 51.2 ይሆናል። ገንዘብ ከፍላችሁበት ግማሹን መንገድ ዘጋችሁት ማለት ነው።

የሚታወቀው መቼ ነው? ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን ላይ ጌም ስትጫወቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ግራፊክሱ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ስለሆነ። ጽሑፍ ለሚጽፍና ኢሜይል ለሚያይ ሰው ግን ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ኮምፒውተሩ አይጮህ፣ ማስጠንቀቂያ አያወጣ። 16 ጊጋባይት ከሆነ 16 ብሎ ያሳያችኋል፣ በቃ።

ስለዚህ ሁለት ራም ካላችሁ አብዛኞቹ ቦርዶች የሚፈልጉት ኤ2ን እና ቢ2ን ነው፤ ሁለተኛውንና አራተኛውን። አንደኛውና ሦስተኛውስ? እነሱም እኮ በሁለት ቻናል ያሉ ናቸው። ልክ ነው፣ ግን ብዙ ቦርድ ላይ የቻናሉ መስመር አንደኛውን ስሎት ነክቶ አልፎ ሁለተኛው ላይ ነው የሚያልቀው። ራሙን መንገድ ላይ ሰክታችሁ መጨረሻውን ባዶ ከተዋችሁት፣ ሲግናሉ ባዶው ጫፍ ድረስ ሄዶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ላያስቸግር ይችላል። ፍጥነቱ ከፍ ሲል ግን የሄደውና የተመለሰው ይምታታሉ። ሁሉም ቦርድ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ማኑዋሉን እዩ። አንድ ገጽ ናት፣ ሥዕልም አላት።

አሁን ወደ አሰካኩ። ኮምፒውተሩን አጥፉት፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጫኑት፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። የኬዙን ብረት ንኩ። ራሙን በጠርዙ ያዙት፣ ወርቃማዎቹን ነጥቦች አትንኩ። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል፣ አልቆይበትም።

የምቆየው መጫኑ ላይ ነው። ሰው ኤሌክትሮኒክስ ሲነካ እጁ ይለሰልሳል፣ አይፈረድበትም። ራም ግን ጉልበት ይፈልጋል። መቆለፊያውን ትከፍታላችሁ፤ አንዳንድ ቦርድ ላይ የሚከፈተው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ራሙ ላይ ያለችው ክፍተት ከስሎቱ ጉብታ ጋር መግጠሟን ታያላችሁ። ከዚያ በሁለት አውራ ጣት፣ ሁለቱን ጫፍ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች። ቦርዱ ትንሽ እንደ መጉበጥ ይላል። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህች ጋ ነው። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ አንዱ ጫፍ ገብቶ፣ ሌላው ጫፍ ላይ ወርቃማው መስመር በስሱ ብቅ ብሎ ይታያል። እዚያ ላይ ትንሽ ጨመር ማድረግ ነው። ቀጭ ይላል፣ መቆለፊያውም ራሱ ይመለሳል። ያንን ድምፅ እወደዋለሁ።

ግን እንቢታም ዓይነት አለው። ጫፍና ጫፉን እኩል ይዛችሁ ጭራሽ ወደ ውስጥ መግባት ካልጀመረ፣ ጉልበት አትጨምሩ፣ አውጥታችሁ እዩት። ወይ ዞሯል፣ ወይ የዚያ ቦርድ ራም አይደለም። ዲዲአር4ም ዲዲአር5ም 288 ፒን አላቸው፣ ከሩቅ መንታ ናቸው። ክፍተቷ ያለችበት ቦታ ግን ይለያያል። ሆን ተብሎ ነው፤ አንዱ 1.2 ቮልት፣ ሌላው 1.1 ቮልት ነው የሚፈልገው። እዚህ ላይ ማስገደድ ቦርድ መስበር ነው።

በደንብ ያልገባ ራም፣ እኔ እንደማየው፣ ሐቀኛ ጥፋት ነው። ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ቦርዱ ላይ የራም መብራት ይበራል፣ ወይ ጢጥ ጢጥ ይላል። አውጥታችሁ ትመልሱታላችሁ፣ አለቀ። ብቻ ዲዲአር5 ላይ አትቸኩሉ። አዲስ ራም ሲገባ ቦርዱ መጀመሪያ ራሱን ከራሙ ጋር ያስማማል፤ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በዚህ መሃል ደንግጦ ፓወር የሚነቅል ሰው ብዙ ነው። ሻይ አፍሉና ተመለሱ።

ሌላም ዝም የሚል ነገር አለ። ማሸጊያው ላይ 6000 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር5 ራም፣ ሰክታችሁት ብቻ ከሄዳችሁ፣ ብዙውን ጊዜ በ4800 ነው የሚሠራው። ባዮስ (የቦርዱ የራሱ ማስተካከያ ገጽ) ገብታችሁ ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒን፣ የኤኤምዲ ከሆነ ኤክስፖን ማብራት አለባችሁ። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ስትነኩ ፍጥነቱንና ስንት ስሎት እንደተያዘ ያሳያችኋል። የትኞቹ ስሎቶች እንደሆኑ ግን አይነግራችሁም። ለእሱ ባዮሱን፣ ወይ ኬዙን ከፍቶ በዓይን ማየት ነው።

እና ሁለት ባዶ ስሎት ስላለ ብቻ ሁለት ራም ልጨምር የምትሉ፣ ቆይ በሉ። በተለይ ዲዲአር5 ላይ 4ቱም ሲሞሉ ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ለየብቻ የተገዙ ራሞች ደግሞ፣ ስማቸው አንድ ቢሆንም፣ ላይስማሙ ይችላሉ። እኔ ብሆን ያሉትን ሸጬ ትልልቅ ሁለት፣ አንድ ማሸጊያ ውስጥ የመጡ እገዛለሁ። ከዚያ ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ለቅቄበት እተኛለሁ። ጠዋት አንድም ስህተት ካሳየ ወደ ሻጩ ይመለሳል፣ ድርድር የለም።

በሉ፣ በዚህ ላብቃ። ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ፤ የቦርዳችሁን ሞዴል መጻፍ እንዳትረሱ፣ ያለ እሱ ልረዳችሁ አልችልም። ቻው።