ሲጋር የሚቀመሰው በአፍንጫ ነው

(ደብረ ብርሃን ላይ ለተሰባሰቡ የቀድሞ የኩባ ተማሪዎችና ወዳጆቻቸው የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ ኩባ አብረን ያደግን ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ?

አዘጋጆቹ ስለ ሲጋር፣ ስለዚያ ከትምባሆ ቅጠል ስለሚጠቀለለው ወፍራም ማጨሻ፣ ትንሽ አጫውተን ሲሉኝ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ግቢ አላችሁ ወይ ብዬ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚገኝበት ቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። በዚህ ብርድ ደጅ ያስቀመጥናችሁ ለዚህ ነው። ጋቢ ያልያዛችሁ አይዟችሁ፣ ከሰሉ እየተያያዘ ነው። 21 ዓመት ያልሞላው ካለ ደግሞ ቡናውን ይጠጣ፣ ጨዋታውን ይስማ፤ ሲጋሩን ግን ለታላላቆቹ ይተው።

አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። የሲጋር ጭስ ወደ ሳንባ አይሳብም፣ አፍ ውስጥ ተንሸራሽሮ ይወጣል። ይህ ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። ፊደል ካስትሮ ራሱ፣ ያ ሁሉ ፎቶ ሲጋር በአፉ ይዞ የተነሳው ሰውዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ስለዚህ የማያጨስ ሰው ዛሬ እንዲጀምር አልጋብዝም። የሚያጨስ ግን የያዘውን ነገር ይወቀው እላለሁ።

አገራችንም ለትምባሆ ፊት የምትሰጥ አይደለችም። አያቶቻችን በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ይሉ ነበር። አፄ ዮሐንስ አጫሽን ከንፈሩን ያስቆርጡ እንደነበር በታሪክ ተጽፏል። መንዝ ውስጥ ዛሬም ሲጋራ ይዞ ታላቅ ሰው ፊት መቆም ነውር ነው። ቢሆንም ትምባሆ ሩቅ አገር ያለ ነገር አይምሰላችሁ። እዚሁ ዞናችን ውስጥ፣ ቆላው ላይ፣ ሸዋ ሮቢት የትምባሆ እርሻ ነበር። የዚያ ቅጠል ዕጣ ግን ሌላ ነው። ተከትክቶ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲጋራ ይሆናል። በእጅ በሚሠራው ሲጋር ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ከውስጥ እስከ ውጭ ያልተከተፈ ቅጠል ነው። ቅጠሉም ከደረቀ በኋላ ተከምሮ፣ በራሱ ሙቀት ለወራት ይብላላል። ጥሬው ሽታ የሚለቀው እዚያ ክምር ውስጥ ነው።

ፋብሪካ ገብታችሁ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ሠራተኛዋ ፊት አንድ የእንጨት ገበታ፣ ቻቬታ የሚሉት እጀታ የሌለው ጠፍጣፋ ቢላና በትንሽ ዕቃ ሽታ የሌለው ሙጫ አለ። ዋናው ዕቃዋ ይኸው ነው። ለሲጋሩ ሆድ፣ ማለትም ለውስጡ የሚሆኑትን ቅጠሎች አንድ በአንድ ታነሳለች። እያንዳንዱን እጥፍጥፍ አድርጋ በመዳፏ ውስጥ ጎን ለጎን ትሰበስባቸዋለች። በእጥፋቱ መሃል አየር ማለፊያ ይቀራል። ካጠበቀችው አይሳብም። ካላላችው ቶሎ ይነድና ምላስ ይለበልባል። ልኩን የምታውቀው በጣቶቿ ነው።

ቅጠሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ከተክሉ ሥር በኩል የሚለቀመው ቀለል ያለ ነው፣ እሳት እንዲይዝ ይረዳል። የመሃሉ መዓዛ ይሰጣል። ሊሄሮ የሚሉት የጫፉ ቅጠል ፀሐይ የጠገበ ስለሆነ ወፍራምና ኃይለኛ ነው፣ የሚነደውም ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ መሃል ላይ ይገባል። ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚለው እሱ ነው። ሆዱ በመያዣ ቅጠል ይታሰርና ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገብቶ ይጨመቃል። በመጨረሻ ካፓው፣ ማለትም ላዩን የሚያለብሰው ቅጠል ይመጣል። ለካፓ የሚሆነው ተክል ከላዩ ጨርቅ ተወጥሮለት በጥላ ያድጋል። አለዚያ ይወፍራል፣ ደም ሥሩም ያፈጣል።

እነሱ ሲጠቀልሉ አንድ ሰው ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጦ ጋዜጣና ልብ ወለድ ያነብላቸዋል። ልማዱ ሐቫና ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። የአንባቢውን ደመወዝ ሠራተኞቹ ከኪሳቸው ያዋጡ ነበር። ሞንቴክሪስቶ የሚባለው ሲጋር ስሙን ያገኘው እንዲህ ከሚነበብላቸው ልብ ወለድ ነው። እኔ ከሲጋሩ ይልቅ በዚህ ልማድ እቀናለሁ።

ወደ ቅምሻው ልግባ። ሳትለኩሱት በፊት በጣታችሁ ከዳር እስከ ዳር ዳብሱት። የጠጠረ ጉብታ ካለው እዚያ ላይ ይታነቃል። ከዚያ አሽትቱት፣ መጀመሪያ ገላውን፣ ቀጥሎ የሚለኮሰውን ጫፍ። በአፍ በኩል ጫፉን የሸፈነውን ቆብ ብቻ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቁረጡ። ብዙ የቆረጠ ሰው ካፓው እንደ ፋሻ እየተፈታ ያስቸግረዋል። ስትለኩሱ እሳቱ ቅጠሉን አይንካው። ከበላዩ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ፣ እያዞራችሁ፣ ጠርዙ እኩል እስኪቀላ አሙቁት። የቤንዚን ላይተር አይሆንም፣ ሽታው ይገባበታል። ክብሪትም ከሆነ ድኙ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጠብቁ።

ከዚያ ቀስ ማለት ነው። በደቂቃ አንዴ መሳብ ይበቃል። የቸኮለ ሰው ሲጋሩን ያግለዋል፣ ከጋለ ደግሞ ይመርራል። ጭሱን አፋችሁ ውስጥ አቆዩትና ከመልቀቃችሁ በፊት ጥቂቱን በአፍንጫ አስወጡ። ዓይናችሁ እንባ ያቀርራል፣ ችግር የለም። ምላስ የሚያውቀው ጣፋጭ፣ መራራ፣ ጨው፣ ጎምዛዛና የመሳሰሉትን ጥቂት ጣዕሞች ነው። የቀረው ሁሉ የአፍንጫ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። አንዳንድ ሳጥን ውስጥ የቅምሻ ወረቀት ይገባል። የኦክ እንጨት፣ የለውዝ ቅቤ፣ ምናምን ይላል። ኦክ ሸቶት የማያውቅ ሰው ይህን አንብቦ “አዎ፣ ኦክ አለው” ሲል እስቃለሁ። ምን አስጨነቀው? እኛ ሸዋዎች ጭስ እናውቃለን። እናቶቻችን የወተቱን ዕቃ በወይራ ያጥናሉ፣ የጠላውን ጋን ያጥናሉ። ጋኑ በወይራ ታጥኖ ይሁን በሌላ እንጨት በአንድ ጉንጭ የሚለይ ሰው ለሲጋር ምን ያንሰዋል? ወይራ ከሸተታችሁ ወይራ በሉ። ወፍ ዋሻ ጫካ ያደገ ሰው የተፈለጠ ጥድ ያገኝበት ይሆናል። የገብስ ቆሎ ሊያርር ሲል የሚሸተው፣ አዲስ ጠፍር፣ የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ደግሞም ይለዋወጣል። የመጀመሪያው ሲሶ ለስለስ ይላል፣ መሃሉ ይደላደላል፣ የመጨረሻው ይከብዳል። ሲከብዳችሁ ተዉት። እንደ ሲጋራ አትደፍጥጡት፣ መተርኮሻው ላይ አስቀምጡት፣ ራሱ ይጠፋል።

አቀማመጡ ግን የእኛ አገር ፈተና ነው። ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የበጋ ነፋሷ ደረቅ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተተወ ሲጋር ካፓው ስንጥቅ ይላል። ክዳኑ ግጥም የሚል የምግብ ፕላስቲክ ዕቃና እርጥበት የሚጠብቅ ከረጢት ካላችሁ ውድ ሳጥን አያስፈልግም። ፍሪጅ ውስጥ ግን እንዳታስገቡት፣ ይደርቃል፣ የወጥ ሽታም ይጠጣል። በርበሬና ዕጣን ካለበት ቁም ሳጥንም አርቁት። ሸዋ ሮቢት ለምትኖሩት ችግሩ ሙቀት ነው። ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ ቅጠሉ ውስጥ የተደበቀ የነቀዝ ዕንቁላል ሊፈለፈል ይችላል። በመርፌ የተወጋ የመሰለ ቀዳዳ ካያችሁበት ነቅዟል ማለት ነው።

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ መስታወት ክዳን ባለው ሳጥን “ኮሂባ” የተባለውን የኩባ ሲጋር ይዞላችሁ ከመጣ ስሞ መቀበል ነው። ግን የውሸት ነው። የኩባ ሲጋር በመስታወት ክዳን ሳጥን አይሸጥም።

አብሮት ምን ይጠጣል ለምትሉኝ፣ ቡና። ያለ ስኳር ቢሆን ይመረጣል። የከተማችን አረቄ የታወቀ ነው፣ ክብሩ እንደተጠበቀ፣ ዛሬ ግን ይቆየን። ምላስ ካደነዘዘ በኋላ ውዱም ርካሹም አንድ ነው።

አቦሉ ደርሷል መሰለኝ። ነፋሱ ከበሩ በኩል ስለሚመጣ የማታጨሱ ወደዚያ ጠጋ በሉ፣ ጭሱ አያገኛችሁም። መቁረጫው ሁለት ብቻ ነው፣ ተቀባበሉ። ጥያቄ ያላችሁ እየዞርኩ እመልሳለሁ። አመሰግናለሁ።