በስንት ሰዓት ጀመረው?

ጤና ይስጥልኝ። ያቺ ማራገቢያ ዛሬም እያቃሰተች ነው፤ በአዳማ ሙቀት ማጥፋት አይታሰብም፣ ታገሷት።

የስትሮክን፣ የአንጎል ደም ስር ድንገት መዘጋትን ወይም መፍሰስን ነገር ባለፈው ጨረስን ብዬ ነበር። አልጨረስንም። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የምትጠየቅ አንዲት ጥያቄ አለች፤ «በስንት ሰዓት ጀመረው?»

እስቲ ቀስ ብለን እንያት። የ30 ዓመት ልጅ ነው እንበል፣ ባጃጅ ነጂ። ቁርስ ላይ ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ። አፉ ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ አንደበቱ ተሳሰረ። «ምች ነው» ተባለ። ዳማከሴ ተጨምቆ በቡና ሊሰጠው ነው። እዚህ ጋ ቁሙልኝ! ጉሮሮው መዋጥ ካቃተው ቡናው ሳንባ ይገባል። ውሃም ቢሆን አይሰጠውም። አስፕሪንም እንዲሁ፤ የደም ስሩ ተዘግቶ ይሁን ፈስሶ፣ ሲቲ ስካን ሳይነሳ ማንም አያውቅም።

ከዚያ ያቺ ጥያቄ ትመጣለች። «ሁለት ሰዓት ላይ» ይላሉ። ጠዋት፣ በእኛ ሰዓት። የሪፈር ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ 2:00 ተብሎ ከሰፈረ፣ የሚቀበለው ሐኪም ሌሊት ስምንት ሰዓት ብሎ ሊያነበው ይችላል። ስድስት ሰዓት በወረቀት ላይ ጠፋ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደግሞ የሚሰጠው ከጀመረው በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። «ጠዋት» የምትል አንዲት ቃል...

ተኝቶ ከነበረስ? የነቃበት ሰዓት አይቆጠርም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበት ነው የሚቆጠረው። ማታ «ደህና እደሩ» ያለበት።

ለምን በ30 ዓመቱ ትሉኛላችሁ። ግፊት ነዋ፣ 140 በ90 አልፎ ዓመታት ሳይለካ የኖረ። አንድ ቀን ቢለካም ከባጃጁ ዘሎ ወርዶ፣ እያወራ ነው፤ መለካት የነበረበት ግን 5 ደቂቃ አርፎ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ ክንዱን በልቡ ትክክል አድርጎ ነበር። ሲጋራና ጫትም አሉ፣ እሱን ብዙ ተጨቃጭቀንበታል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ልብ ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ፣ ሪህ የመሰለ የመገጣጠሚያ ሕመም ተከትሎ፣ የልቡ በር፣ ቫልቩ፣ ይጠባል። ከጠበበው በር ጀርባ ደም ይረጋል፤ አንድ ቀን ቁራጩ ተነስቶ አንጎል ውስጥ ይሰነቀራል። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የምትወጋዋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ቫልቩ ይበልጥ እንዳይጎዳ ነው። መርፌዋ ታሳምማለች ተብላ ትፈራለች እንጂ... እሺ፣ ይህ ራሱን የቻለ ክፍል ይፈልጋል።

ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። ልጁ መናገር አይችልም። ሰዓቱን የሚናገረው ዳማከሴ ሲያፈላልግ የነበረው ሰው ነው። በዚያ ድንጋጤ ሰዓት ያየ ማን አለ? ምናልባት ስልክ ላይ መጀመሪያ የተደወለው ጥሪ። እሱ እንኳ ይኖራል። ግን ስልኩ በየትኛው ሰዓት ነው የተሞላው፣ በእኛ ነው ወይስ...

ቆይ። ማራገቢያዋ ዝም አለች። መብራት ሄደ መሰለኝ።