አያታቸው ጋ ናቸው

እሺ። እየቀዳ ነው። ቀይዋ መብራት በርታለች።

እንኳን አደረሳችሁ እንዳልል ገና አልፏል፤ እንዳልተወው ደግሞ የማወራው ስለ ገና ነው። እና እንኳን አደረሳችሁ።

ባለፈው ይቺኑ ነገር ላወራ ቁጭ ብዬ ስለ አሳ ብቻ ለፍልፌ ዘጋሁት። አጠፋሁት። ሰውዬው፣ ባሌ ማለቴ ነው፣ "የአሳው ጥሩ ነበር እኮ፣ ለምን አጠፋሽው?" አለኝ። በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር ማለት ነው! ዛሬ የለም። መኪና ሊያሳጥብ ወጥቷል። እሱ መኪና ሲያሳጥብ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ጊዜ አለን።

ሐዋሳ ሄድን። ገናን። ሁለታችን ብቻ። ሐሳቡ የእኔ ነበር። እማዬ ስነግራት "ሆቴል? በዓመት በዓል? ቤት የላችሁም?" አለች። አማቼ ግን ምንም አላሉም። "መልካም መንገድ" ብቻ። እኔ የእማዬን ጩኸት እመርጣለሁ። የአማቼን ዝምታ ሳመነዥክ ባቱ ደረስን፣ እሱም አልበቃኝ፣ ሻሸመኔ ደረስን።

ሰውዬው ቴርሞሱን ይዟል። አዎ፣ ያንኑ ቴርሞስ። ክዳኑ አሁንም ያፈሳል። አዲስ የላካችሁለት ደግሞ እስካሁን ከካርቶኑ አልወጣም፤ "ለእንግዳ" ይላል። ለእንግዳ ቴርሞስ! በቃ፣ ስለ እሱ ዛሬ አላወራም።

ታኅሣሥ 19 ሐዋሳ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ለገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ ከተማዋን እስከ አፍ ገደፏ ነው የሚሞላት። አልጋ የሚባል ነገር አይታሰብም። ለገና ስትደርስ ግን ትንሽ ተንፈስ ትላለች። ሰው አለ፣ ግን መራመድ ይቻላል። ባጃጁም ሰው ቆጥሮ ይጭናል። እኔ የፈለግኩትም ይሄንኑ ነበር። ሽንኩርት የማልከትፍበት ገና። "ቅመሺልኝ እስቲ፣ ጨው በዛ?" የማልባልበት። ተኝቶ መነሳት፣ ሐይቅ ማየት፣ መብላት፣ እንደገና መተኛት።

ሆቴሉ መግቢያ ላይ የገና ዛፍ አቁመው ጥጥ ነስንሰውበታል። በረዶ መሆኑ ነው። ውጭ ሰው ጥላ ፍለጋ ይጋፋል! ከዛፉ ፊት ለፊት ደግሞ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ቡና ይፈላል። ሰውዬው ጥጡን ነካ ነካ አድርጎ "ይሄ የፍራሽ ነው" አለ። በጣም ሳቅን። እንደዚያ አብረን ከሳቅን ቆይተናል ብል… አይ፣ እንስቃለን እኮ። ቤት ውስጥም እንስቃለን። በሌላ ነገር ነው እንጂ።

ለሊቱን ገብርኤል አስቀደስን። ቅዳሴው እንዳለቀ ሕዝቡ ነጠላውን ሰብስቦ ወደየቤቱ ይጣደፋል። ይገባኛል፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾሞ ድስት የሚጠብቀው ሰው ምን ይቁም? እኛ የሚጠብቀን የለም። ቀስ ብለን ሄድን። ደስ ይል ነበር፣ ብርዱም፣ ባዶው መንገድም። አንዲት እናት ልጅ አዝላ አልፋን ስትሄድ… እሱን ተዉት፣ ያኔ ምንም አላሰብኩም። አሁን ነው እያንዳንዷን ነገር እየጎተትኩ የማመጣው።

በማግስቱ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ ሄድን። ያው ስለ አሳ ልጀምር ነው፣ ቻሉኝ። ቆሮሶ ነው፣ ጎንና ጎኑን ተተልትሎ የተጠበሰ፣ ከዳጣ ጋር። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ በሰው መሃል ይንጎራደዳሉ። ራሰ በራ፣ ትከሻቸው የወደቀ፣ ልክ ጡረታ እንደወጣ ዳኛ። አንዱ ሰውዬው ፊት ቆሞ ትክ ብሎ ሲያየው "ይግባኝ እጠይቃለሁ" አለው። እዚያው እማዬ ደወለች።

"ዶሮ ቀመሳችሁ?"

"አሳ እየበላን ነው።"

"አሳ? ጾም ተፈቶ አሳ? አንቺ ልጅ ጾም የምትገቢበትና የምትወጪበት ጠፋብሽ?"

ስልኩን ለሰውዬው ሰጠሁት። እሱ "እርስዎ የሠሩትን ዶሮ አስቀምጡልን እንጂ" አላት። በዚህ ነው የሚወደድብኝ። አፉ ላይ ማር አለ። ሁሉንም ደስ በሚለው ነገር ነው የሚመልሰው።

እና ይሄው፣ ወደ ጉዳዩ መጣሁ መሰለኝ።

አመሻሽ ላይ ጀልባ ያዝን። ጉማሬ እንይ ብለን። ነጂው ወጣት ነው፣ ጨዋታ አዋቂ። እኔን "እትዬ" አለኝ፣ ይቅር ይበለው። ሰውዬው ጠያቂ ነው፣ ታውቁታላችሁ፣ ልጁን በጥያቄ አፋጠጠው። ልጁም ይመልሳል። ጥቁር ውሃ የሚባል ወንዝ ይገባበታል፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም አለ። "ታዲያ እንደ ሻላና አቢጃታ ለምን አልጨወም?" አለው ሰውዬው። "ከሥር ይሰርጋል ነው የሚሉት ጋሼ" አለ ልጁ። ከመሬት በታች መውጫ አለው ማለት ነው፣ ለዚህ ነው ጣፋጭ ውሃ ሆኖ የቀረው። ሰውዬው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። እንደዚህ ዓይነት ነገር ሲያውቅ በቃ ቀኑ ተሳካ።

ከዚያ ልጁ ሞተሩን አጠፋ። ጉማሬዎቹ እዚያ ናቸው፣ ጆሯቸው ብቻ ነው የሚታየው። ዝም አልን። ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ እየወረደች ነው። እና ልጁ ዝም ማለት ከብዶት ነው መሰለኝ፣

"ልጆቹን ማን ጋ ጥላችሁ መጣችሁ?" አለ።

ጥያቄው ለእኔ አዲስ አይደለም። እናንተም ታውቃላችሁ፣ እዚህ ስንት ጊዜ አውርተነዋል። ታክሲ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ሳይቀር። መልስ አለኝ። "ገና ነው"፣ "ጸልዩልን"፣ ደሜ ከፈላ ደግሞ "ምን አገባህ?" እንደ ጠያቂው እመርጣለሁ። ለዚህ ልጅ "ጸልይልን" ልለው ነበር፣ መስቀል አንገቱ ላይ አይቼ። አፌን ልከፍት ስል ሰውዬው ቀደመኝ።

"አያታቸው ጋ ናቸው" አለ።

"ስንት ናቸው?"

"ሁለት።"

"ያሳድግላችሁ።"

"አሜን።"

አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

እና ጉማሬው ብድግ አለ፣ አፉን ከፈተ፣ ልጁ "ያው! ያው!" አለ፣ ፎቶ አነሳን። በቃ። አለቀ። ይኸው ነው የሆነው።

ግን ያቺ "ሁለት" አትለቀኝም። አላመነታም እኮ! "እ…" አላለም። ወደ እኔም አላየም። ዓይኑ ጉማሬው ጆሮ ላይ ነበር። ድምፁ አልተቀየረም። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዋሽ ትንሽ እንኳ ይንተባተባል አይደል? እሱ እኮ ስለ ቴርሞሱ ዋጋ ሲዋሸኝ ጆሮው ይቀላል። ጆሮውን አይቻለሁ። አልቀላም።

እና ማሰብ ጀመርኩ። ወንዶችን አይጠይቋቸውም ብዬ ነበር የማስበው። ለእኔ ብቻ የሚመጣ ጥያቄ ነው ብዬ። ግን እሱስ ብቻውን ሲሆን? ፀጉር አስተካካዩ ጋ? ጋራዥ? ምናልባት ፀጉር ቤቱ ሁሉ ሁለት ልጆች እንዳሉን ያውቃል። ምናልባት ትልቁ ትምህርት ቤት ገብቷል።

(ሳቅ)

ደግሞ የትኛዋ አያት ጋ ናቸው? እማዬ ጋ ከሆኑ ዶሮ በልተዋል። አማቼ ጋ ከሆኑ ግን… ሴትዮዋ ምንም ያላሉት ለካ ሁለት ልጅ ጥለንባቸው ሄደን ነው!

እየሳቅኩ ነው አይደል? ጀልባው ላይም ስቄያለሁ፣ በውስጤ። ከዚያ ተናደድኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የእኔን መልስ ስለነጠቀኝ ነው? እኔ እውነቱን ስናገር የኖርኩት፣ አንገቴን ደፍቼ "ጸልዩልን" ስል የኖርኩት፣ እንደዚህ ቀላል መውጫ እያለ ነው? ወይስ… እንጃ። ለጓደኛዬ ነገርኳት። "ልጁ እንዳይሸማቀቅ ብሎ ነው፣ በበዓል ቀን" አለች። ልክ ናት ይሆናል። ባሌ ሰው ሲሸማቀቅ ማየት አይችልም። ግን ልጁ እንዳይሸማቀቅ ከሆነ "አያታቸው ጋ ናቸው" ይበቃል። ቁጥሩስ?

ስንወርድ ደግሞ ልጁ "ሌላ ጊዜ ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፣ ለልጅ ግማሽ ነው የምናስከፍለው" አለን። ሰውዬው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ለፋሲካ።"

ለፋሲካ!

ጉርሻ ሰጠው፣ ብዙ ነው፣ እኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ በእግር ተንሸራሸርን። ጥንዶች፣ ፎቶ አንሺዎች፣ በቆሎ ጥብስ። ከሩቅ የመዝሙር ድምፅ ይመጣል፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ አልለየሁም፤ ፕሮቴስታንቱም ኦርቶዶክሱም በዚያው ቀን ነው የሚያከብረው። ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የጠየቅኩት። ድምፄን ቀለል አድርጌ፣ ቀልድ እንዲመስል።

"ለምን ሁለት?"

ወዲያው አልመለሰም። በቆሎውን በላ። ከዚያ፣

"አንድ ብቻውን ይደብረዋል" አለ።

እኔም ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። "ያንተ ነገር" አልኩት፣ ሄድን። ሌሊቱን ግን እሱ ተኛ፣ እኔ ጣሪያ አየሁ። ይደብረዋል ያለው ማንን ነው? ቀልድ ነው ብዬ እንዳልተወው፣ መልሱ ዝግጁ አልነበረም። አሰበበት። "ሁለት"ን አላሰበበትም፣ ይቺን ግን አሰበባት። ወይም በቆሎው ትኩስ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሁለቱም ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለምን ለእሱ አልነገርኩትም የምትሉ አላችሁ። አውቃችኋለሁ። አስተያየት መስጫው ላይ "ተነጋገሩ" ብላችሁ ልትጽፉ ነው። ተነጋግረናል እኮ። ስለ ሐኪሙ ተነጋግረናል፣ ስለ ጠበሉ፣ ስለ ገንዘቡ፣ "እስከ መቼ" ስለሚለው። ተነጋግረን ጨርሰን በቃ ደህና ነን ብለን ነበር። ለዚህም ነው ሐዋሳ የሄድነው፣ ደህና ስለሆንን። እና ደህና ነን። ደስ የሚል በዓል ነበር፣ ይሄን እንዳትረሱብኝ። ሆቴሉም ጥሩ፣ አሳውም፣ እሱም። ብጠየቅ ድጋሚ እሄዳለሁ።

ግን በማግስቱ ቁርስ ላይ እንቁላል ፍርፍር ስንበላ፣ አጠገባችን ካለው ጠረጴዛ ልጆች ሲሯሯጡ አንዱ ጭማቂ ደፋ። ሰውዬው ሶፍት አቀበላቸው፣ ከእናትየው ጋር ትንሽ አወራ። እኔ ጆሮዬን ቀስሬ ስጠብቅ ነበር። "የኛዎቹም እንዲሁ ናቸው" ይላል ብዬ። አላለም። እና አለማለቱ ቅር አለኝ። ይሄ ምን ይባላል አሁን?

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቡና ላይ "ለፋሲካ የት እንሂድ?" አለኝ። ያው የሁልጊዜ ጥያቄ ነው፣ ምንም ነገር የለበትም። እኔ ግን ቶሎ ልመልስ አልቻልኩም። ሐዋሳ ከሄድን ያ ልጅ ያየናል። "የታሉ?" ይላል። ሌላ ጀልባ መያዝ ይቻላል። ወይም ጀልባ መተው። ወይም "አሟቸው ነው" ማለት… አይ፣ እሱስ አይባልም፣ ሟርት ነው።

አዳማ እንሂድ አልኩት። አዳማ ጀልባ የለም። እሱ "እሺ፣ ሶደሬም ቅርብ ነው፣ እንዋኛለን" አለ። ግን ሶደሬ እኮ በበዓል የሚሄደው ልጆቹን የያዘ ሰው ነው። እና… እኔ እንጃ። እስቲ ገና ነው ፋሲካ።